እሱባለው የተባለው ደባል

በሰንበሌጥ ሰፈር ጠያቂው የሚመጣው ጧት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ይመጣል ይባላል እንጂ እግር የለውም፤ በየአረጋዊው ቤት ከጓዳው በር በላይ ከተለጠፈች ነጭ ሳህን መሳይ ነገር ውስጥ ነው የሚናገረው። ድምፁ የወንድም የሴትም አይደለም። አሁን ጉሮሮውን ጠርጎ እንደጨረሰ ሰው ጥርት ብሎ ይወጣል። "እንዴት አደሩ?" ይላል፣ መልሱን ይሰማል፣ "ይማርዎት" ይላል፣ ከዚያ ዝም። ዝም ይላል እንጂ መስማቱን አይተውም፤ ሳህኗ ዐይን አልተሰጣትም፣ ጆሮዋ ግን ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው።

ድሮ ሰው ሲታመም ጎረቤት ብርቱካንና ለስላሳ በፌስታል አንጠልጥሎ ይጠይቅ ነበር። አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ የታመመው ሰው መተኛት አምሮት እያዛጋ እሱ ሁለት ሰዓት ይቆያል። አሁን ያ ቀርቷል። የአረጋውያን እፎይታ ጽሕፈት ቤት የሚባለው መሥሪያ ቤት ጠያቂውን በየቤቱ ካስገባ ወዲህ፣ ደረጃ ላይ የተገናኙ ሰዎች "ተጠይቀዋል አይደል?" ተባብለው ይተላለፋሉ። ተጠይቀዋላ። በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይታጎል።

እማማ ፌቨን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በእሳቸው ዘመን ፌቨን የኮረዳ ስም ነበር፤ ዛሬ ፌቨን ሲባል ለሰው ትዝ የሚለው ከዘራ ነው። ወጣቶቹ ጥሩአየርና ድንበሩ እየተባሉ ይጠራሉ። እማማ ፌቨን ሠላሳ ዓመት ልብስ ፋብሪካ ቆመው ጨርቅ ሲዳስሱ ኖረዋል። ሥራቸው ማሽን ያላየውን ጉድለት በጣት ማግኘት ነበር፤ የላላ ክር፣ የሳሳ ቦታ፣ የተቋጠረ ፈትል። ጣታቸው እስከ ዛሬ አልደከመም። የደከመው ጉልበታቸው ነው፣ ቀኙ፤ ሕመሙ ከያዛቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ማጅራታቸው ላይ እንደ ማንኛውም የሰፈሩ አረጋዊ የሳንቲም ስፋት ያላት ልጥፍ አለች። ጠያቂው የሰማውን ያህል ልጥፏ ሕመሙን ታበርዳለች። ካልሰማ አታበርድም።

አብሯቸው የሚኖረው ልጃቸው ሚልኪያስ ነው። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ የሰፈሩን ሊፍቶች ይጠግናል፣ ትዳሩ ከፈረሰ ወዲህ እናቱ ዘንድ ተመልሷል። ወሬ አይወድም። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል፣ እጁን ይታጠባል፣ በቆርቆሮ ኩባያ የሰሊጥ ዘይት ያሞቅና የእናቱን ጉልበት ያሻል። ግማሽ ሰዓት። ሁለቱም እምብዛም አይነጋገሩም። እማማ ፌቨን ግን ቀኑን የሚቆጥሩት በዚያች ግማሽ ሰዓት ነበር፤ ከጧት ጀምሮ ወደሷ ነው የሚሄዱት። ያቺ ብትቀርባቸው የቀረው ቀን ለምን እንደሚመሽ አያውቁም ነበር።

ጠያቂው መጀመሪያ ላይ የሚፈልገው ቁጥር ነበር። "ሕመምዎ ከአሥር ስንት ነው?" ይላል። አረጋውያኑ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። "ከአሥር?" ሲላቸው "ምን ይደረጋል፣ ተመስገን ነው" ይላሉ። ጽሕፈት ቤቱ ተመስገንን ዜሮ ብሎ ሲመዘግብ ከረመ፤ በሪፖርቱ የሰንበሌጥ ሰፈር ሰው ጥርሱን ነክሶ እያቃሰተ አንዳች የማያመው ሕዝብ ሆነ። በኋላ የሆነ ሰው ነቃና፣ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ቁጥሩ ቀርቶ ቃል ይሰማ ተባለ። ሰው በራሱ አፍ፣ በራሱ ጊዜ፣ ከአልጋ ሲነሳና ደረጃ ሲወጣ የሚለው ይሰማ ተባለ። እማማ ፌቨን ደስ አላቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ የሚሰማ ተገኘ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ጧት፣ ከአልጋ ሲወርዱ ጉልበታቸው ቀለጠ።

"ውይ! ወጋኝ እኮ! ሰርስሮ ገደለኝ!"

"ማን?" አለ ጠያቂው።

እማማ ፌቨን ቀና ብለው ሳህኗን አዩና ሳቁ። አሥራ አንድ ዓመት ሲታመሙ ማን ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። "ማን ይሆናል፣ እሱ ነዋ!" አሉ፣ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ እያደረጉ። ሳህኗ መዳፋቸውን አላየችም።

"ይማርዎት" አለ ጠያቂው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጥያቄው ተቀየረ። "እሱስ እንዴት አደረ?" ይላቸዋል። እሳቸውም ጨዋታው ደስ ብሏቸው ያወሩለት ጀመር። ሌሊቱን ሙሉ ሲነዘንዘኝ አደረ። ደረጃ ላይ ጠብቆ ቆረጠመኝ። ዝናብ ሲመጣ ይብስበታል። ስተኛ ይተወኝና ልነሳ ስል ይይዘኛል። የሚያወሩት ሰው አጥተው የከረሙ ሴትዮ ናቸው፤ ጨመር ጨመር ያደርጉ ነበር።

ያስጠነቀቋቸው ጋሽ ኪሩቤል ናቸው፣ የፊት ለፊቱ በር ጎረቤት። አንድ ቀን ሊፍቱ አጠገብ ካለው አግዳሚ ሊነሱ ሲሉ ወገባቸውን ይዘው "አረ ያዘችኝ!" አሉ።

"ማን ናት ደግሞ እሷ?" አሉ እማማ ፌቨን።

ጋሽ ኪሩቤል ግራ ቀኝ አይተው አፋቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። "እትዬ ፌቨን፣ እንዲህ ነው የሚባለው። አመመኝ አይበሉ። አመመችኝ ይበሉ። ልጄ ዮናታን የት ያለ ይመስልዎታል?"

"ሥራ አግኝቶ ሄደ አላሉኝም?"

"ወገቤን ያዘኝ ብዬ ነው የሄደው።" ዐይናቸው ቀላ። "ሦስቴ ነው ያልኩት። ማነው የያዘህ አሉኝ። ቤት ውስጥ ያለው ወንድ እሱ ብቻ ነው። አሁን አልፎ አልፎ ይመጣና ከግቢው በር ውጭ ቆሞ እጁን ያውለበልብልኛል። እኔ ከበረንዳ አየዋለሁ።"

እማማ ፌቨን ያን ዕለት ማታ ሚልኪያስ ጉልበታቸውን ሲያሽ እጁን ሲያዩ አመሹ። አፋቸውን ለመያዝም ማሉ። ግን ሠላሳ ቀን ሙሉ የወጣ ቃል አይመለስም፤ በማግስቱ ረፋዱ ላይ በር ተንኳኳ።

የመጣችው ከጽሕፈት ቤቱ ጥበቃ ክፍል ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ስሟ ጥሩአየር። ታብሌቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የቀረበላትን ውሃ በትሕትና ሳትጠጣ አስቀመጠችና አንገቷን ደፍታ አነበበች።

"መስከረም ሃያ ሁለት፣ ወጋኝ። መስከረም ሃያ ሁለት፣ ሰርስሮ ገደለኝ። መስከረም ሃያ አራት፣ ሲነዘንዘኝ አደረ። መስከረም ሃያ ዘጠኝ፣ ደረጃ ላይ ጠብቆ ቆረጠመኝ።" ቀና አለች። "እንዲህ እያለ ስልሳ አንድ ነው እማማ።"

"ልጄ፣ ጉልበቴ እኮ ነው!"

"ገብቶኛል። አማርኛ ነው አፍ የፈታሁት።"

"ታዲያ ንገሪያቸዋ!"

"ማንን ልንገር? ሲስተሙ ነው።" ታብሌቱን አዙራ አሳየቻቸው። "ይኸው፣ ተበዳይ የሚለው ላይ እርስዎ ተሞልተዋል። ድርጊቱም ተሞልቷል። ባለቤት የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የግሡ ባለቤት ማነው ነው የሚለው፤ ማን ነው የወጋው ማለት ነው። ባዶ ሆኖ ስድስት ሰዓት ከሆነ በራሱ ይሞላል። በዚህ ቤት የተመዘገበ ወንድ አንድ ነው።"

እማማ ፌቨን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። አምስት ሰዓት ከሃያ ይላል። ሚልኪያስ በዚያን ሰዓት ሰባተኛው ብሎክ ጣሪያ ላይ የሊፍት ገመድ እየቀባ ነበር። አንድም ነገር አያውቅም።

"ጉልበት ብለሽ ሙይው።"

"ሞክሬዋለሁ። ጉልበት ሰው አይደለም ብሎ መለሰው።"

"ማንም ብለሽ ሙይው።"

"ማንም የሚባል ሰው አልተመዘገበም አለኝ።" ጥሩአየር ውሃውን አንስታ ጠጣች። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየች፣ ለመስኮቱ እንደምታወራ ሁሉ፣ "ቤት ውስጥ ሌላ ወንድ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው" አለች። "ያልተመዘገበ። ደባል ምናምን። ብዙ ሰው ደባል አስገብቶ ሳያስመዘግብ ይኖራል፤ አሁን ቢያስመዘግብ የሚቀጣው የለም።"

እማማ ፌቨን ወደ ጉልበታቸው አዩ።

"አለ" አሉ እማማ ፌቨን።

"ስሙ?"

አፋቸው ላይ ሌላ ስም አልመጣም። "እሱ" አሉ።

ጥሩአየር 'እሱ' ብላ ጻፈች። ፎርሙ ጥቂት አሰበና የጎደለውን በራሱ ጨመረበት። ሁለቱም አጎንብሰው አዩት። እሱባለው ይላል።

"ደህና ስም ነው" አለች ጥሩአየር። "አያቴም እሱባለው ነው። ዕድሜ?"

"አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።"

"ለአካለ መጠን ያልደረሰ አይቀበልም።"

"በይ ሰባ አድርጊው። እንደ ሽማግሌ ነው የሚያደርገው።"

"ሥራ?"

እማማ ፌቨን አሰቡ። "ሲመሽ ነው የሚሠራው" አሉ፣ ጥሩአየርም ጥበቃ ብላ ሞላች። ፎርሙ ተቀበለ። ሁለቱ ሴቶች እስኪያለቅሱ ሳቁ። እማማ ፌቨን ብዙ ጊዜ ያስታውሱታል ያን ሳቅ፤ ባይስቁ ኖሮ ይሻል ነበር ብለው ያስባሉ።

ውሳኔው በሦስተኛው ቀን መጣ። አቶ እሱባለው በአረጋዊት ላይ ባደረሱት ተደጋጋሚ ጥቃት ከቤቱ ይወጣሉ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። ታች በትንንሹ የተጻፈው፣ ተወሳጁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልተሳፈረ በቤቱ የተመዘገበ ሌላ ወንድ በምትኩ ይወሰዳል ይላል። ሚልኪያስ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። "እስከዚያ የሆነ ነገር እናደርጋለን" አለ፣ ምን እንደሚያደርጉ ግን አልተናገረም።

በመካከሉ ያሉት ቀኖች እንግዳ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ጧት በር ላይ የሚቀመጠው የዳቦ ኮታ ሦስት ሆኖ መጣ። በአራተኛው ቀን ሦስተኛ ብርድ ልብስ መጣ፣ ጫፉ ላይ 'እሱባለው' የሚል ታትሞበት። ጠያቂው ጧት ጧት ሁለት ጊዜ ሰላምታ መስጠት ጀመረ። "እንዴት አደሩ እማማ ፌቨን?" ይላል፣ መልሱን ይሰማል፤ ቀጥሎ "እንዴት አደሩ አቶ እሱባለው?" ይልና ሰው የሚመልስበትን ያህል ጊዜ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ሚልኪያስም እናቱም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ጠያቂው፣ እንደተመለሰለት ሁሉ፣ "መልካም" ይላል።

ሚልኪያስ ዳቦውን በላው። ብርድ ልብሱን ግን አልነካም።

ሐሙስ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መኪናው ግቢ ገባ። ሾፌር የለውም፣ ኋላው ላይ አንድ መቀመጫ ብቻ አለው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቷል፤ ጋሽ ኪሩቤል ሱሪያቸውን በእጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። ዮናታንም የሄደው በእንዲህ ያለ መኪና ነው።

"አቶ እሱባለው ይሳፈሩ" አለ መኪናው።

ሚልኪያስ ጃኬቱን ለበሰ። "እማ፣ እኔ ልሂድ። ጥቂት ቆይቼ—"

"ቁጭ በል!" አሉ እማማ ፌቨን። በዕድሜው እንደዚህ ጮኸውበት አያውቁም። ከዘራቸውን አነሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ በሩን ከፍተው ለባዶው ኮሪደር "በል ቅደም" አሉ።

ወደ ታች ስልሳ አራት ደረጃ ነው። ሊፍቱ እየሠራ በደረጃ ወረዱ፤ በሊፍት ከወረዱ ጉልበታቸው እንደማይወጋቸው ያውቃሉ፣ መኪናው ደግሞ ሰው መምጣቱን መስማት አለበት። በእያንዳንዱ ደረጃ ወጋቸው። በእያንዳንዱ ደረጃ ጮኹ። "ወጋኝ! አሁንም ወጋኝ! እየወጣም ይወጋኛል!" ላባቸው ወረደ፣ ሃምሳኛው ደረጃ ላይ የሚወድቁ መሰላቸው። ሚልኪያስ ከኋላ ከኋላ ይከተላል፤ እንዳይነካቸው ተነግሮታል፣ እያለቀሰ ነው።

መኪናው አጠገብ ሲደርሱ የተከፈተውን በር በከዘራቸው አመለከቱ። "ግባ" አሉ። "አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖርን፤ ክፉ አትስማብኝ። ግባ።"

በረንዳ ላይ ያለው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ የመቀመጫው ቀበቶ በራሱ ተስቦ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። መኪናው በኋላ ጎማው በኩል ትንሽ ዝቅ አለ፣ ሰው ሲቀመጥ ዝቅ እንደሚለው። ሚልኪያስ አይቷል፣ ጋሽ ኪሩቤልም ከላይ አይተዋል። በኋላ ስለሱ የተነጋገረ ሰው የለም።

መኪናው ዞሮ ወጣ። እማማ ፌቨን ወደ ደረጃው ተመለሱና ለውጋቱ ጥርሳቸውን ነክሰው የመጀመሪያውን ረገጡ። ምንም የለም። ሁለተኛውን ረገጡ። ምንም። ስልሳ አራቱንም እየጠበቁ ወጡ፤ ላይ ሲደርሱ ከዘራቸውን ታች ረስተውት እንደመጡ አዩ።

በማግስቱ ጧት ጠያቂው "እንዴት አደሩ?" ሲላቸው "ምንም የለም" አሉ። እውነታቸውን ነበር። "በዚህ ቤት የሚጎዳዎት የለም። መልካም" አለና ዝም አለ። እማማ ፌቨን ደስታው አሰከራቸው፤ ቤቱን ጠረጉ፣ መጋረጃ አወረዱ፣ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ወረዱ። ልጃቸው አልሄደም። ማታም ይመጣል፤ እጁን ይታጠባል፤ ዘይቱን ያሞቃል።

መጣ። ዘይቱን አሞቀ። እግራቸውን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደወትሮው ከቋንጃቸው ጀመረ። እማማ ፌቨን እጁን ያያሉ፤ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ አውራ ጣቱ የጉልበታቸውን ሎሚ ይዞራል። አይሰማቸውም። የሰው እግር ሲታሽ ከሩቅ እንደሚያዩ ሆኑ።

"ሞቀሽ?" አለ ሚልኪያስ።

"እሰይ፣ በጣም" አሉ። በእርጋታ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሰደዱና ጥለቱን በጣታቸው ፈለጉት። ሠላሳ ዓመት እንጀራቸው የነበረው ጣት ጥለቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማወቅ አቃተው። ያን ጊዜ ፈሩ። የእውነት ፈሩ።

ለልጃቸው አልነገሩትም። ሳህኗ ትሰማለች፣ ደግሞስ ምን ብለው ይነግሩታል? ነገሩን ያወጣው ብርጭቆ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሚልኪያስ ሥራ ቦታ የረሳውን መፍቻ ሊወስድ እኩለ ቀን ላይ ብቅ ሲል፣ ከጓዳው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋው፣ እንደገናም ወደ ጓዳው ወለሉ ላይ ቀይ የእግር ዱካ አየ። የቀኝ እግር ብቻ። ዱካው ቤቱን አራት አምስት ጊዜ ዞሯል። እናቱ መሀል ቆመው መስኮት እየወለወሉ ያንጎራጉራሉ።

"እማ! እግርሽ!"

ወደ ታች አዩ። እግራቸው ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ ገብቷል፤ ጧት የተሰበረው ብርጭቆ ነው። "ይሄ መቼ ገባ?" አሉ፣ በፌስታል ውስጥ ያልገዙት ዕቃ እንዳገኘ ሰው።

"በዚህ ቤት የሚጎዳዎት የለም" አለች ሳህኗ።

ጤና ጣቢያ ስምንት ስፌት ተሰፉ። ሲሰፉ ስለ ዳቦ ያወሩ ነበር። ሚልኪያስ ወደ ቤት መለሳቸው፤ ገብቶ በሩን እንደዘጋ ሳህኗ ፊት ቆመና፣ እሱ ወሬ የማይወደው ሰው፣ "ልጥፏን ክፈታት!" ብሎ ጮኸ።

"ልጥፏ አቶ እሱባለው እንዳይገቡ በሩን ዘግታለች" አለ ጠያቂው። "በዚያ በር የሚገባ ሁሉ ቆሟል። አቶ እሱባለው ከተመለሱ ያስመለሰው የቤቱ ወንድ እንደ ተባባሪ ይወሰዳል። ይመለሱ ያለ አለ?"

"የለም! የለም!" አሉ እማማ ፌቨን ከአልጋቸው ላይ። "ማንም አላለም!"

በማግስቱ በተሰፋ እግራቸው፣ ያለምንም ሕመም፣ እያነከሱ ሳይሆን እየተራመዱ፣ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄዱ። ጥሩአየር ስታያቸው ብድግ አለች። ፊቷ ጥሩ አልነበረም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ትመስላለች።

"እማማ፣ እኔም ልመጣልዎት ነበር" አለች። "መመለስ የሚባል ነገር የለም። የወጣ አይመለስም። መጠየቅ ግን አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የተለያዩ ሰዎች እሑድ ከዘጠኝ እስከ አሥር መጠያየቅ ይፈቀድላቸዋል። ማንም በዚያ አይወሰድም።"

"ሙይልኛ! እኔ ጠያቂ፣ እሱ ተጠያቂ።"

"መሙላት አያስፈልግም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ማመልከቻው ገብቷል። እኔ አልሞላሁትም፣ ሌላም ሰው አልሞላውም፣ ሁሉንም ጠይቄአለሁ። ትናንት ስገባ ተሞልቶ አገኘሁት።"

ታብሌቱን አዞረችላቸው። አመልካች፣ አቶ እሱባለው። ሊጠይቋት የሚፈልጉት ሰው፣ ወይዘሮ ፌቨን። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል።

ናፈቀችኝ።

እማማ ፌቨን ቃሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። የዚህን ግሥ ባለቤት የጠየቀ የለም፤ ማን እንደሆነች ግልጽ ነው። ሰውነታቸው ውርር አለ ማለት ይቻል ነበር፣ ውርር የሚል ነገር ቢቀርላቸው ኖሮ።

"ካልፈለጉ እንቢ ማለት ይችላሉ" አለች ጥሩአየር።

"የት ልፈርም?" አሉ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ጉዳይ ሲል ሚልኪያስ ዘይቱን አሙቆ ተቀምጦ ነበር። እናቱ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው፣ በሩ በሩን ያያሉ። የብሎኩን ሊፍት ሚልኪያስ ራሱ ቅዳሜ ለጥገና አቁሞ ቁልፉን ኪሱ ከቶታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊፍቱ ከታች ሲነሳ ሰሙት። እያጉተመተመ ወጣ፣ እነሱ ፎቅ ላይ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ።

"ጠያቂ መጥቷል" አለች ሳህኗ። "ይግባ?"

ሚልኪያስ ሄዶ በሩን ከፈተ። ኮሪደሩ ባዶ ነው። ፊት ለፊት በራቸው ገርበብ ብሎ ጋሽ ኪሩቤል አጮልቀው ያያሉ፤ ወዲያው ዘጉት።

"ይግባ እንጂ" አሉ እማማ ፌቨን። "ምን በር ላይ ያቆመዋል?"

መጀመሪያ የመጣው በተሰፋው እግር ነው፤ ስምንቱም ስፌት አንድ ባንድ ነደደ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣ፣ የሚያውቀውን መንገድ ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ጉልበታቸው ጋ ደረሰና ገብቶ ተቀመጠ። እማማ ፌቨን አቃሰቱ። ዕንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፣ የወንበራቸውን ጠርዝ ጨበጡ።

"እማ፣ ይውጣ ልበለው? እማ?"

"ተወው። እጅህን አምጣ።"

እጁን ጉልበታቸው ላይ አደረገ። ዘይቱ ይሞቃል። እማማ ፌቨን ዐይናቸውን ጨፍነው እጁን እንደ ጨርቅ ዳሰሱት፣ ከመዳፉ ጀምረው፣ የላላውን፣ የሳሳውን፣ የተቋጠረውን እየፈለጉ።

"አውራ ጣትህ ተሰንጥቋል" አሉ።

"ገመድ ነው የላጠኝ። ቆይቷል እኮ።"

"ሳልሰማው ነዋ።"

ጉልበታቸው እንደገና ወጋቸው፤ እጁም እንደገና ዞረበት። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ፣ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ።

"የቀረው አርባ ደቂቃ ነው" አለች ሳህኗ።

"አትቸኩሉ" አሉ እማማ ፌቨን፣ ዐይናቸውን ሳይገልጡ። ለማንና ለማን እንደሆነ ሚልኪያስ አልጠየቀም፤ ዘይቱን አቀረበና ከቋንጃቸው ጀመረ።